የቤዝቦል ወርዋሪን «ስንቅ» ማጥናት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ንጋት ላይ ቤዝቦል የምናይ ጥቂት ሰዎች ነን፤ ደብተር ይዘን ስንቀመጥ ያየን ሁሉ የሚጠይቀንን እዚህ አንድ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

«ስንቅ» የምትሉት ነገር ምንድን ነው?

በቤዝቦል ኳሷን ወደ መቺው የሚወረውረው ሰው፣ ማለትም ፒቸሩ፣ አንድ ዓይነት ኳስ ብቻ አይወረውርም። አንዷ ቀጥ ብላ ትበራለች፣ አንዷ መጨረሻ ላይ ትሰምጣለች፣ አንዷ ወደ ጎን ትሸሻለች፣ አንዷ ደግሞ ፈጣን መስላ መጥታ ትዘገያለች። አንድ ወርዋሪ አምኖባቸው የሚወረውራቸውን ዓይነቶች በሙሉ ስንቁ እንላቸዋለን። ቃሉ የእኛው የቡድናችን ነው። መንገደኛ ከቤቱ ይዞ የወጣውን እንጂ መንገድ ላይ ያማረውን አይበላም፤ ወርዋሪም እንደዚያው ነው።

ማጥናት ስንል ዝርዝሩን መሸምደድ ማለታችን አይደለም። ዝርዝሩን ማንም ሰው በስልኩ በአንድ ደቂቃ ያገኘዋል። እኛ የምንፈልገው የትኛዋን መቼ እንደሚያወጣት፣ በተለይም ሲጨንቀው እጁ ወደ የትኛዋ እንደሚሄድ ነው። ቡድኑ አራት ለዜሮ እየመራ የሚወረውረውና ሦስቱም ቤዝ (ሯጮች የሚደርሱበት ማረፊያ) ላይ ሰው ቆሞበት የሚወረውረው አንድ አይደለም።

ጅማ ተቀምጦ እንዴት ይታያል? ጨዋታው በስንት ሰዓት ነው?

የአሜሪካው ሊግ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይካሄዳል። በዚያ ወቅት ኒውዮርክን በ7 ሰዓት፣ ሎስ አንጀለስን በ10 ሰዓት እንቀድማለን። ኒውዮርክ ላይ ማታ 1 ሰዓት ሲጀመር እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ይህን ማየት የሚችለው እንቅልፍ የጠላው ብቻ ነው። የሎስ አንጀለሱ ግን ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ ይጀምራል። ከ2023 ወዲህ (እዚህ ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ወርዋሪው ላይ ሰዓት ስለተቆጠረበት ጨዋታው በአማካይ ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወርዷል፣ ስለዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። የሎስ አንጀለሱን ቡድን ዶጀርስን ደጋግመን የምናጠናው በፍቅር አይደለም፤ በሰዓቱ ምክንያት ነው። ሰው ግን አያምነንም።

ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የኮሜንታተሩ ድምፅ አይሰማም። አትጨነቁ፣ እንዲያውም ይሻላል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዓይን ነው።

ስንት ዓይነት ኳስ አለ? ጀማሪስ እንዴት ይለያቸዋል?

ስሙ ብዙ ነው፤ ወገኑ ግን ሦስት ነው። አንደኛው የፈጣኖቹ ወገን ነው፦ ፎር ሲም ፋስትቦል (ቀጥ ብላ የምትመጣዋ)፣ ሲንከር (ወደ ወርዋሪው ክንድ በኩል እየወረደች የምትታጠፍ)፣ ካተር (መጨረሻ ላይ ወደ ጓንቱ፣ ማለትም ወርዋሪው ጓንት ወዳጠለቀበት እጅ በኩል በጥቂቱ የምትሸራተት)። ሁለተኛው የታጣፊዎቹ ወገን ነው፦ ከርቭቦል ከላይ ወደ ታች ትወድቃለች፣ ስላይደር ፈጠን ብላ ወደ ጓንቱ በኩልና ወደ ታች ትሄዳለች፣ ስዊፐር ደግሞ ከመውረድ ይልቅ በሰፊው ወደ ጎን ትጠርጋለች። ሦስተኛው የአታላዮቹ ነው፦ ቼንጅአፕና ስፕሊተር። እነዚህ ክንዱ እንደ ፋስትቦል በሙሉ ኃይል እየተወነጨፈ በዝግታ የሚመጡ ናቸው።

ልዩነቱን የሚፈጥሩት የጣቶች አያያዝና የኳሷ ሽክርክሪት ናቸው። የቤዝቦል ኳስ መጠኗ የመካከለኛ ብርቱካን ያህል ነው፤ ክብደቷ ከ142 እስከ 149 ግራም፣ ቀዩ ስፌቷም 108 ድርብ ጥልፍ ነው። ፎር ሲም ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ስለምትበር አየሩ ደግፎ ይይዛታልና መቺው ከጠበቀው ያነሰ ትወርዳለች፤ «ወደ ላይ ወጣች» የሚሉት ይህንን ነው እንጂ በእውነት አትወጣም። ከርቭቦል ሽክርክሪቷ ተቃራኒ ስለሆነ አየሩ ራሱ ወደ ታች ይገፋታል። ስፕሊተር በሁለት ጣቶች መሀል ተሰንጋ ስለምትለቀቅ ሽክርክሪቷ ያንሳል፣ ስለዚህ የሚደግፋት የለም።

እኔ ለማሳየት ያረጀች የቴኒስ ኳስ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ስፌቱን ስዬበታለሁ። ሁለት ጣት በስፌቱ ላይ አግድም ካረፈ ፎር ሲም ነው፤ በስፌቱ ርዝመት ካረፈ ሲንከር ነው። አሥር ጊዜ ከማስረዳት አንድ ጊዜ ማስያዝ ይቀላል።

ፍጥነቱ በማይል ነው የሚጻፈው። እንዴት ልረዳው?

በ1.6 አባዙት። 95 ማይል ወደ 153 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ወርዋሪው ከሚቆምበት ጉብታ መቺው አጠገቡ እስከሚቆመው ሆም ፕሌት ያለው ርቀት 18.44 ሜትር ስለሆነ እንዲህ ያለች ኳስ ለመድረስ የሚፈጅባት 0.4 ሰከንድ ገደማ ነው። መቺው አይቶ፣ ወስኖ፣ ዱላውን የሚያንቀሳቅሰው በዚያች ጊዜ ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ በኦፊሴል ከተመዘገበው ሁሉ የሚበልጠው አሮልዲስ ቻፕማን በ2010 የወረወረው 105.8 ማይል፣ ማለትም 170 ኪሎ ሜትር ነው።

ይሁን እንጂ ከአንዷ ኳስ ፍጥነት ይልቅ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው የሚገድለው። ቼንጅአፕ ከፋስትቦሉ ብዙውን ጊዜ ከ13 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ትዘገያለች። ልዩነቱ ጠብቦ 5 ወይም 6 ከሆነ መቺው ለፋስትቦል የሰነዘረው ዱላ እሷንም ያገኛታል።

ደብተሩ ላይ ምን ምን ይጻፋል?

ለእያንዳንዷ ውርወራ አንድ መስመር። ኢኒንጉ (የጨዋታው ዙር)፣ ስንት አውት (ከጨዋታ የወጣ መቺ) እንደሆነ፣ ቤዝ ላይ ሰው መኖር አለመኖሩ፣ መቺው ቀኝ ይሁን ግራኝ፣ ቆጠራው (የቦልና የስትራይክ ብዛት፤ ከታች ይብራራል)፣ የኳሷ ዓይነት፣ ያረፈችበት ቦታ፣ ውጤቱ። የእኛ ደብተር ላይ አንዱ መስመር እንዲህ ዓይነት ነው፦ «5ኛ፣ 1 አውት፣ 2ኛ ላይ ሰው፣ ግራኝ፣ 2-1፣ ስፕ፣ ታች፣ ሳተ»። ሰው ሲያየው የኪዮስክ የዱቤ ደብተር ይመስለዋል። ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ በአንድ ጨዋታ ከ90 እስከ 100 ኳስ ስለሚወረውር ሦስት ገጽ ይበቃዋል።

አንድ ስህተት ልናገር፤ የራሴ ነው። መጀመሪያ አካባቢ «ቀኝ» እና «ግራ» እያልኩ እጽፍ ነበር። ካሜራው ብዙውን ጊዜ ከወርዋሪው ጀርባ ነው፣ የአንዳንድ ድረ ገጽ ሥዕል ደግሞ ከቀላቢው (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳሷን ከሚይዘው) በኩል የታየ ነው፤ ሁለቱን ሳላመሳክር አንድ ወር ሙሉ ቀኙን ግራ አድርጌ መዘገብኩ። አንዱን ወርዋሪ «ስላይደሩ ወደ ቀኝ መቺው ይጠመዘዛል» ብዬ ስከራከር ከርሜ፣ ወዳጄ ደብተሩን ገልብጦ ሲያሳየኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ወዲህ የምንጽፈው «ወደ ክንዱ» እና «ወደ ጓንቱ» ብለን ብቻ ነው። ወርዋሪው ቀኝም ይሁን ግራኝ ይህ አይገለበጥም።

ሌላም ልምምድ አለን። ጅማ የቡና አገር አይደለች፤ ቡና ቀማሾች ሲኒዎቹን የሚያውቋቸው በቁጥር እንጂ በባለቤት ስም አይደለም። እኛም ቴሌቪዥኑ ላይ ፍጥነቱና የኳሷ ስም የሚጻፍበትን ጥግ በፕላስተር እንሸፍነዋለን። መጀመሪያ በዓይናችን ዓይነቷን እንጽፋለን፣ ከኢኒንጉ በኋላ ከመዝገቡ ጋር እናስተያያለን። በመጀመሪያው ሳምንት ግማሹን መሳት ያለ ነው።

ብዙ ዓይነት ያለው ወርዋሪ ይበልጣል ወይስ ጥቂት ያለው?

በቁጥር የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። የኒውዮርክ ያንኪስ ጨዋታ ዘጊ (መጨረሻ ላይ ገብቶ መሪነቱን የሚያስጠብቅ) የነበረው ማሪያኖ ሪቬራ ስንቁ ውስጥ የነበረው በዋናነት አንዲት ካተር ነበረች። መቺዎቹ ሁሉ ካተር እንደምትመጣ ያውቁ ነበር፤ ዱላቸው ግን ወፍራሙ ላይ ሳይሆን ቀጭኑ ላይ እያገኛት ይሰበር ነበር። በ652 የተዘጉ ጨዋታዎች ታሪክ ሠርቶ በ2019 ያለ አንዳች ተቃውሞ ድምፅ ወደ ዝነኞች አዳራሽ የገባ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። አር ኤ ዲኪ ደግሞ በአብዛኛው ናክልቦል፣ ያቺን የማትሽከረከርና እንደ ሰካራም የምትንገዳገድ ኳስ እየወረወረ በ2012 የሳይ ያንግን፣ ማለትም የምርጥ ወርዋሪን ሽልማት ወሰደ።

በሌላ በኩል ዩ ዳርቪሽ አለ፤ ስንት ዓይነት ኳስ እንዳለው ለመቁጠር ራሱ ያስቸግራል። ለእሱ ብዛቱ ጠቅሞታል። ለብዙዎች ግን አምስተኛዋና ስድስተኛዋ ኳስ ለጌጥ ያህል ናት፤ በጨዋታ ሁለት ጊዜ ያወጧታል፣ ሲጨንቃቸው ግን ጭራሽ አይነኳትም። ስለዚህ ደብተራችን ላይ ዓይነቶቹን ሁሉ ከጻፍን በኋላ ቤዝ ላይ ሰው እያለ ያልወረወራቸውን እንሰርዛቸዋለን። የቀረው ነው እውነተኛ ስንቁ።

ስታትካስት (የሊጉ የኳስ መከታተያ ሥርዓት) ሁሉንም ይመዘግብ የለም እንዴ? ለምን በእጅ ትደክማላችሁ?

ይህን የሚጠይቁን በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው፣ ልክም ናቸው። ስታትካስት ከ2015 ጀምሮ በሁሉም የሊጉ ሜዳዎች ይሠራል፤ ከ2020 ወዲህ ደግሞ የቴኒስ ዳኝነት ላይ የምናውቀው የሃውክ አይ ካሜራ ነው የሚከታተለው። ፍጥነቱን፣ የሽክርክሪቱን ብዛት፣ ኳሷ ከእጁ የተለቀቀችበትን ከፍታ፣ ስንት ሳንቲሜትር እንደታጠፈች ሁሉ ቤዝቦል ሳቫንት የተባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታገኙታላችሁ። እዚያ ያለውን በእጅ ልድገም የሚል ሰው ጊዜ የተረፈው ነው።

ደብተሩ ላይ ያለው መስመር ለዓይናችን ልምምድ ነው፤ ከእሱ አልፈን የምንጽፈው ግን እዚያ የሌለውን ነው። ቀላቢው ጓንቱን የት ዘርግቶ ኳሷ የት እንዳረፈች፣ ወርዋሪው የቀላቢውን ምርጫ ራሱን ነቅንቆ እምቢ ማለቱን፣ ከተመታበት በኋላ ፊቱ ምን እንደሚመስል፣ ሰዓቱ ሊያልቅበት ሲል የትኛዋን እንደሚመርጥ። ቤዝ ባዶ ሲሆን 15 ሰከንድ፣ ሰው ሲኖር 18 ሰከንድ ነው ያለው፤ ሁለት ጊዜ እምቢ ካለ በኋላ ሰዓቱ 3 ላይ ሲደርስ የሚወረውራት ኳስ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያምናት ናት። ይህ የእኔ እምነት ነው፤ ከጓደኞቼ መካከል የማይስማማም አለ።

ቆጠራው ለምን ይህን ያህል ያሳስባችኋል?

መቺው ሊመታት ከሚገባው ክልል፣ ከዞኑ፣ ውጭ ያለፈችና እሱም ያልሰነዘረባት ኳስ ቦል ናት፤ በዞኑ ያለፈች ወይም ሰንዝሮ የሳታት ስትራይክ ናት፤ ሲጻፍ ቦሉ ይቀድማል። አራት ቦል ከሆነ መቺው በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ይሄዳል፣ ሦስት ስትራይክ ከሆነ ይወጣል። 3-0 ወይም 2-0 ላይ ያለ ወርዋሪ ስትራይክ የግድ ስለሚያስፈልገው ወደሚቆጣጠራት ኳስ ይመለሳል፤ ለአብዛኞቹ ፋስትቦል ናት። 0-2 ላይ ግን እጁ ነፃ ነው፣ መቺውን ለማሳሳት ከዞኑ ውጭ የምትወድቅ ስፕሊተር ወይም ስላይደር ያወጣል። ሆም ፕሌት ስፋቷ 43 ሳንቲሜትር ብቻ ስለሆነች በእሷ ላይ ማሳለፍ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ደብተሩን ገጽ በገጽ ሳይሆን በቆጠራ ደርድሩት። 2-0ን ለብቻ፣ 0-2ን ለብቻ፣ 3-2ን ለብቻ። አንድ ወርዋሪ 2-0 ላይ ሆኖ ከርቭቦል ለስትራይክ የሚወረውር ከሆነ ከበድ ያለ ሰው ነው፤ በቀይ አስምሩበት።

መቺው ግራኝ ከሆነ ስንቁ ይለወጣል?

በጣም። ቀኝ ወርዋሪ ለቀኝ መቺ ስላይደርና ስዊፐር ይወዳል፣ ከመቺው እየሸሹ ስለሚሄዱ። ለግራኝ መቺ ግን እነዚሁ ኳሶች ወደ ዱላው ስለሚመጡ ያስቀምጣቸውና ቼንጅአፕ፣ ስፕሊተር ወይም ካተር ያነሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወርዋሪ አንድ ሳይሆን ሁለት ገጽ ያስፈልጋል።

የአንድን ቡድን ወርዋሪዎች በሙሉ ማጥናት ቢፈለግ ከየት ይጀመራል?

ቡድን ካሉት 26 ተጫዋቾች ወርዋሪዎቹ ቢበዛ 13 ናቸው። ጨዋታውን ከሚጀምሩት ተነሱ፤ አምስት ወይም ስድስት ናቸው፣ ብዙ ኳስ ስለሚወረውሩም ቶሎ ይታወቃሉ። ከመሀል የሚገቡት ብዙውን ጊዜ አንድ ኢኒንግ ብቻ ስለሚወረውሩ ሁለት ዓይነት ኳስ ይበቃቸዋል፦ በሙሉ ኃይል የምትወረወር ፋስትቦልና አንዲት ታጣፊ። እነሱን ለማጥናት ከዓይነቱ ይልቅ የድካሙን ቀን ቁጠሩ፤ ትናንትና ከትናንት ወዲያ ከወረወሩ ዛሬ ፋስትቦላቸው ሁለት ማይል ሊወርድ ይችላል።

ዶጀርስን እንውሰድ። ዮሺኖቡ ያማሞቶ ቁመቱ 178 ሳንቲሜትር ነው፤ ለዚህ ሥራ አጭር ከሚባሉት ነው። ፋስትቦሉ ወደ 153፣ ስፕሊተሩ ወደ 145፣ ከርቭቦሉ ወደ 123 ኪሎ ሜትር ትመጣለች፤ ካተርና ሲንከርም አለው። በፋስትቦሉና በከርቭቦሉ መካከል 30 ኪሎ ሜትር ልዩነት አለ፣ ስፕሊተሩ ደግሞ ከፋስትቦሉ ጋር በአንድ መንገድ መጥታ ነው የምትጠፋው። ታይለር ግላስኖው በተቃራኒው 203 ሳንቲሜትር ነው፤ እግሩን ዘርግቶ ኳሷን የሚለቃት ለመቺው ቀርቦ ስለሆነ 155 ኪሎ ሜትሩ ለመቺው ከዚያም በላይ ይመስለዋል። ሁለቱን በተከታታይ ቀን ማየት ትምህርት ነው። ቁጥራቸው ተቀራራቢ ሆኖ የሚያስጨንቁበት መንገድ ፈጽሞ ሌላ ነው።

የ2025ቱን የሊጉን ፍጻሜ፣ ዎርልድ ሲሪስ የሚሉትን፣ እኔ በደብተር ነው የማስታውሰው። ያማሞቶ በሁለተኛው ጨዋታ 105 ኳስ ወርውሮ ብቻውን ጨረሰው፣ የመጨረሻዎቹን 20 መቺዎች በተከታታይ አስወጥቶ። በስድስተኛው 96 ወረወረ። በማግስቱ፣ ማንም ባልጠበቀው ሰዓት፣ በሰባተኛው ጨዋታ ላይ ከመቀመጫ ተነስቶ ሌላ 34 ጨመረ፤ ዶጀርስ ቶሮንቶን በ11ኛው ኢኒንግ 5 ለ 4 አሸነፈ። እኛ ዘንድ ፀሐይ ወጥታ ነበር። አንድ ወዳጃችን ተነስቶ ወደ ሥራው ሳይሄድ ቀረ፤ ለአለቃው ምን እንዳለ አልጠየቅነውም።

አንዴ ከተጠና ይበቃል ወይስ ስንቅ ይለወጣል?

ይለወጣል፤ በዕድሜም፣ በጉዳትም፣ በሥራ ድርሻም። ክሌይተን ከርሾው ወጣት ሳለ ፋስትቦሉ ወደ 151 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር። በ2025 ጫማውን ሲሰቅል ወደ 143 ወርዶ ነበር፤ ያም ሆኖ በዚያው ዓመት 3,000ኛውን መቺ በሦስት ስትራይክ አስወጥቷል። የተለወጠው ምጣኔው ነው፤ ፋስትቦሉን እየቀነሰ ስላይደሩን ዋና አደረገ። የአሥር ዓመት ማስታወሻ ይዞ የመጣ ሰው ይሸወዳል።

ሮኪ ሳሳኪም አለ። ገና በ20 ዓመቱ በ2022 ጃፓን ውስጥ ማንም መቺ ቤዝ ያልደረሰበት ጨዋታ ወርውሮ 19 ሰዎችን በስትራይክ አስወጥቷል። በ2025 ዶጀርስ መጥቶ ጨዋታ እየጀመረ ሲወረውር ፋስትቦሉ ላላ፣ ትከሻውን ታመመ፣ ወራት ጠፋ። በመስከረም ተመልሶ ከመሀል የሚገባ ወርዋሪ ሆኖ ሲመጣ ፋስትቦሉ 160 ኪሎ ሜትርን አለፈች። ልጁ ያው፣ ስፕሊተሩም ያቺው፤ ገጹ ግን እንደ አዲስ ተጻፈ።

አንዱ ስላይደር ያላትን ሌላው ስዊፐር ይላታል። ማንን እንመን?

ይህ ንትርክ እኛም ዘንድ ቡና አስቀዝቅዟል። ስዊፐር የምትባለው ስም በስታትካስት መዝገብ ውስጥ የገባችው በ2023 ነው፤ ከዚያ በፊት አብዛኞቹ ስላይደር ተብለው ነበር የሚመዘገቡት። ስለዚህ የቆየ መዝገብ ላይ «ስላይደር ጨመረ» ወይም «ስላይደር ተወ» የሚል ካያችሁ ወርዋሪው ምንም ሳይቀይር ስሙ ብቻ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ለእኛ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስሙን ትታችሁ ኳሷ ያደረገችውን ጻፉ። «በሰፊው ወደ ጓንቱ፣ ብዙም ሳትወርድ» ካላችሁ ማንም ይግባባችኋል።

ወርዋሪ ሳያውቀው የሚወረውረውን ያሳብቃል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ለእኔም ከሥራው ሁሉ የሚጣፍጠው ይህ ነው። ስፕሊተር ለመያዝ ጣቶች መሰንጠቅ ስላለባቸው ጓንቱ ከውስጥ በኩል ይላወሳል። አንዳንዱ ለከርቭቦል ሲዘጋጅ የእጅ አንጓው ይታጠፋል፣ አንዳንዱ ጓንቱን ለፋስትቦል ከፍ፣ ለታጣፊው ዝቅ ያደርጋል። በ2019 ግላስኖው ታምፓ ቤይ ሳለ በአምስተኛው የማጣሪያ ጨዋታ ሂውስተን ላይ በመጀመሪያው ኢኒንግ ብቻ አራት ነጥብ ተቆጠረበት፤ በጓንቱ አያያዝ ኳሱን እያሳበቀ እንደነበር ከጨዋታው በኋላ ራሱ አምኗል።

ይህን ለመያዝ ኳሷን ማየት ማቆም አለባችሁ። ሁለት ኢኒንግ ሙሉ ጓንቱን ብቻ፣ ቀጥሎ ያሉትን ሁለቱን ክርኑን ብቻ። ኳሷን የሚከታተል ዓይን ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ማሳበቂያ አገኘሁ ከማለታችሁ በፊት ደግሞ ቢያንስ በሦስት ጨዋታ ይደገም፤ አንድ ቀን ያየሁትን «ምስጢር» ሳወራ ከርሜ ወርዋሪው በዚያ ቀን ጓንቱ ጠብቦት እንደነበር ታወቀ።

ታዲያ የሌላውን ቡድን ምስጢር ማወቅ ሌብነት አይደለም?

በዓይን ከሆነ አይደለም። ሁለተኛ ቤዝ ላይ የቆመ ሯጭ ቀላቢው ለወርዋሪው በጣቱ የሚሰጠውን ምልክት አይቶ ለጓደኛው ቢጠቁም ጨዋታው የሚፈቅደው ብልጠት ነው። በኤሌክትሮኒክስ ሲሆን ነው የሚከለከለው። ሂውስተን አስትሮስ ዋንጫ ባነሳበት በ2017 በሜዳው ላይ በተተከለ ካሜራ የቀላቢውን ምልክት እያዩ የቆሻሻ በርሜል በመደብደብ ለመቺው ይነግሩት ነበር፤ በርሜሉ ከተመታ ታጣፊ ወይም ዘገምተኛ፣ ዝም ካለ ፋስትቦል። ነገሩ በ2019 መጨረሻ ወጣ፣ በጥር 2020 ክለቡ 5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፣ ወጣት የመምረጥ ዕድሎቹንም ተነጠቀ፤ ሥራ አስኪያጁና አሠልጣኙ ለአንድ ዓመት ታግደው ክለቡም አሰናበታቸው።

ከ2022 ጀምሮ ቀላቢውና ወርዋሪው ፒችኮም በሚባል መሣሪያ ነው የሚነጋገሩት፤ ቁልፍ ይጫናል፣ በባርኔጣው ውስጥ ድምፅ ይሰማል። የጣት ምልክት ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። የወርዋሪው ጓንትና ክርን ግን እንደ በፊቱ ለሁሉ ክፍት ናቸው።

ስንቁን ሁሉም ካወቀው መቺው ለምን ይስታል?

ኳሶቹ መንገድ ስለሚጋሩ። መቺው መወሰን ያለበት ኳሷ ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ነው። ፋስትቦልና ስፕሊተር እስከዚያ ድረስ በአንድ ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፉ ከመሰሉ፣ ስሟን ማወቁ አይረዳውም፤ መለየት የሚችልበት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የሚለያዩት። ስለዚህ ስናጠና ሁለት ኳሶችን አንድ ላይ እንጽፋለን፦ ከየትኛዋ በኋላ የትኛዋ ትመጣለች፣ ከእጁ ሲወጡስ ይመሳሰላሉ? ከርቭቦሉ ከእጁ ስትወጣ ወደ ላይ ብቅ የምትል ከሆነ፣ ምንም ብታምር ጥሩ መቺ ይተዋታል።

ደግሞም ወርዋሪው ያጠናችሁትን ያውቃል። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 13 ቀን 2015 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2023)፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከግማሽ አልፎ፣ የዓለም ቤዝቦል ክላሲክ ፍጻሜ ላይ ጃፓን አሜሪካን 3 ለ 2 ትመራለች፤ የመጨረሻው ኢኒንግ፣ ሁለት አውት። ሾሄይ ኦታኒ ይወረውራል፣ ማይክ ትራውት ይመታል። ሁለቱም ያኔ በክለብ የአንድ ቡድን ልጆች ነበሩ፤ ትራውት የዚህን ሰው ስንቅ ከአጠገቡ ቆሞ ለዓመታት አይቶታል። ኦታኒ በአንድ ስዊፐር ጀመረ፣ ከዚያ አራት ፋስትቦል አከታተለ፤ የመጨረሻዋ 164 ኪሎ ሜትር ነበረች፣ ከዞኑም ወጣች። 3-2 ሆነ።

ክፍሉ ውስጥ አራት ነበርን። ደብተሩን አንስተን ትንበያችንን ጻፍን፤ አራታችንም «ፋስት» ብለን። የመጣችው በ140 ኪሎ ሜትር ወደ ውጭ የምትጠርግ ስዊፐር ነበረች። ትራውት አየር መታ። ያ ገጽ እስከ አሁን አለ፣ አራቱ «ፋስት»ም እንዳሉ።